የተቀባውን ጨርቅ አይጠቡት

እትዬ አሰለፈች፣

ሥራ፣ ጨርቅ ማተሚያው ሄጃለሁ። በረንዳው ላይ የተሰጣው ነጭ የጥጥ ጨርቅ የእናቴ ፎቶ የሚታተምበት ነው።

አይጠቡት።

ሲዳስሱት ግትር ያለው ቆሽሾ አይደለም። ሶዳና ዩሪያ ከማወፈሪያ ጋር በጥብጬ ቀብቼው ነው። ጥጥ ያለዚያ ይህን ቀለም አይይዝም። የፊተኛውን በሳሙና ፈትገው አጠቡት፤ እኔም ሳልዳብሰው አተምኩበት። ቀለሙ ተሰራጭቶ ፊቷ የማን እንደሆነ ጠፋ። «ልጄ፣ ታዲያ የእናትሽን መልክ በቆሻሻ ጨርቅ ላይ?» አሉኝ። የመለስኩልዎትን ግማሹ ሕንፃ ሰምቷል። ስለ ጨርቁ የተናገርኩት ልክ ነው፤ አሁንም እከራከርበታለሁ። ስለ እርስዎ የተናገርኩት ግን…

ኸላስ፣ ይብቃ።

ሾፌሩ እያሱ ማስክ ሊጭን ወደ አል ጁርፍ፣ ወደ ማተሚያው ሲሄድ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጨርቁን ሳያጥፉ ጠቅልለው ይስጡልኝ። ውሃ እንዳይነካው። ሙዲሩ፣ አለቃዬ፣ በዚህ ሁሉ የማስክ ትእዛዝ መሃል ማሽኑን የሚለቅልኝ ዛሬ ብቻ ነው።

በወረርሽኙ በረራ ተዘግቶ ለቀብሯ አልደረስኩም። ለአርባዋ እዚህ አረብ አገር፣ ሮላ፣ ከአልጋዬ በላይ የምሰቅለው ይህንን ብቻ ነው። «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል። እንባው አልመጣም። ምንም አይሰማኝም፤ ምን ልበልዎት።

ጨርቁ ታትሞ በእንፋሎት ከታጠነ በኋላ፣ ያልያዘው ቀለም እንዲወጣ በደንብ መታጠብ አለበት። ማታ ይዤው እመጣለሁ።

ያን ጊዜ እርስዎ ይጠቡልኝ።

ነፃነት