ጭሱ የሚጠፋው እናንተ ስትመጡ ብቻ ነው

ቀን፦ ግንቦት 6

ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጠርሙስ ፋብሪካው የጭስ ማጽጃ ማሽን ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ ተከፍቶ እንዲነበብልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እስካለፈው ወር ድረስ የዚህ ማሽን ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ፤ የሥራ ባልደረቦቼ «መብረቁ» ይሉኛል። ባለቤቴ ልብስ አጣቢ ናት። ቤታችን ከፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው።

1. ማሽኑን ጽሕፈት ቤትዎ ስለፈቀደው ያውቁታል ተብሎ ይታሰባል። ቢያውቁት ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበርና በአጭሩ ላስረዳ። ቀንና ሌሊት ከሚነደው የጠርሙስ ማቅለጫ ምድጃ የሚወጣው ጭስ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ፣ በቱቦው መሃል በተወጠረው ሽቦ ላይ ከፍተኛ ኃይል ያለው ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ ያለማቋረጥ ሳይሆን በምት በምት፣ በሰከንድ ሦስት መቶ ጊዜ። አንዱ ምት ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጥራል። ይህ ምት መርዛማውን ጋዝ ይሰባብረዋል፣ ጥላሸቱንም ከቱቦው ግድግዳ ላይ ያጣብቀዋል። ከጫፉ የሚወጣው እንፋሎት ብቻ ይሆናል። ግሩም ማሽን ነው። ሽቦውን የወጠርኩት እኔ ነኝ፤ እንደ ልጄ ነው የማውቀው።

2. ግን አይሠራም። ተበላሽቶ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ ይበላል ተብሎ ስለሚጠፋ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ በየሦስት ወሩ ተቆጣጣሪ ሲልክ ከወር በፊት በደብዳቤ ያሳውቃል። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ይዘው ይመጡና «መብረቁ፣ እንግዳ አለብን» ይሉኛል። በዕለቱ ጠዋት አበራለሁ። ተቆጣጣሪው ይለካሉ፣ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ፣ ይፈርማሉ። መኪናቸው ከበሩ ሲወጣ አጠፋለሁ። በሌላው ቀን ሁሉ መዝገቡ ላይ «ማሽኑ በመደበኛ ሁኔታ እየሠራ ነው» ብዬ የምፈርመውም እኔው ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ! ይህን የምጽፈው ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም፤ እጄ አለበት።

3. ባለቤቴ ነገሩን ያወቀችው በልብሱ ነው። ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ጥቁር ነጠብጣብ እየያዘ ደግማ ታጥባለች። አልፎ አልፎ እንደታጠበ ነጭ ሆኖ ሲደርቅላት «ዛሬ ደግሞ እንግዳ አለባችሁ ማለት ነው» ትለኝ ነበር። የቤታችን ቀልድ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። እኔ አፈር ልብላ! ባለፈው ዓመት ሳል ጀመራት። ሐኪሙ የሳንባዋን ፊልም አይተው «እሷ ፋብሪካ ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት ናት አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ መጋደም አትችልም፤ ስትጋደም ትንፋሿ ይቆራረጣል። ትራስ ተደግፋ ቁጭ እንዳለች ነው የምታንቀላፋው።

4. የመጀመሪያ አቤቱታዬን ጥር ላይ በእጄ አስገባሁ፤ ስሜ እንዳይወጣብኝም ለምኜ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ «ለሚመለከተው» ብሎ ማህተም መታበትና ለሥራ አስኪያጁ ላከላቸው። የራሴን እጅ ጽሑፍ ከከሰስኳቸው ሰው ጠረጴዛ ላይ አየሁት። እሳቸው አልተቆጡም፤ ሳቁ። «መዝገቡ ላይ ያለው የማን ፊርማ ነው? ብንጠየቅ እስር ቤት የምትገባው አንተ ነህ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

5. ሚያዝያ ላይ ሥራ አስኪያጁ ለአሥራ አንድ ቀን ሥልጠና ሄዱ። የሥልጠናው ርዕስ «ንጹሕ አየር ለሁሉም» ነው፤ እየቀለድኩ አይደለም፣ ማስታወቂያው ከበሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። በሄዱበት ቀን ማሽኑን አበራሁ፤ አላጠፋሁትም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ መስኮቱን ከፈተች። በሰባተኛው ቀን ጋደም ብላ ተኛች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን እያዳመጥኩ አለቀስኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ተመልሰው ከበሩ ላይ ቀና ሲሉ ጥቁሩ ጭስ የለም። «ምድጃው ጠፋ! ኧረ ምድጃው ጠፋ!» እያሉ ቦርሳቸውን ጥለው ሮጡ። እሳቱ ግን ቦግ ብሎ ይነድ ነበር። ከንጹሕ አየር ሥልጠና የተመለሱ ሰው ንጹሕ አየር አይተው ደነገጡ። በዚያው ዕለት «የፋብሪካውን ኃይል ያለፈቃድ ተጠቅሟል» ተብዬ ተባረርኩ፤ ማሽኑም ጠፋ፤ ባለቤቴም ወደ ትራሷ ተመለሰች።

6. ማስረጃ አለህ ወይ ቢሉኝ፣ አለኝ። በማሽኑ ሳጥን ውስጥ፣ ከግራው በር ጀርባ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ሰዓት ቆጣሪ አለች። የምትቆጥረው ማሽኑ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ወደኋላ አትመለስም፤ እንደ እኔ ታዝዛ አትፈርምም። ከመውጣቴ በፊት አይቻታለሁ፤ 408 ትላለች። ምድጃው በእነዚሁ አራት ዓመታት ከሠላሳ አምስት ሺህ ሰዓት በላይ ነዷል። ከ408ቱ ውስጥ 264ቱ ለባለቤቴ የሰረቅኋቸው ናቸው። የቀሩት 144 የእናንተ ናቸው። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትመላለሱ ያቺን በር ከመካከላችሁ የከፈታት የለም።

ስለዚህ ሥራዬ ይመለስልኝ አልልም። በሐሰት በመፈረሜ የምጠየቅ ከሆነም ቤቴን አሳይቻለሁ፤ እቀርባለሁ። የምለምነው፣ ሳታሳውቁ መጥታችሁ በሩን ከፍታችሁ ቁጥሩን እንድታነቡ ነው። ይህ ደብዳቤም እንደ ፊተኛው ወደ ፋብሪካው እንዳይላክብኝ፤ የሚመለከተው እርስዎን ነው።

ጽፌ ስጨርስ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እሷ በልመናዬ አልተስማማችም። «ሳታሳውቁ ኑ አትበላቸው እንጂ፤ ካላሳወቁ ማሽኑን ማን ያበራዋል? አሳውቀው ይምጡ፤ ብቻ በየሳምንቱ ይምጡ በልልኝ» አለችኝ። የእኔን መፈጸም ቢከብዳችሁ የእሷን ፈጽሙላት። ቀጣዩ ጉብኝታችሁ ሰኔ 3 መሆኑን የበር ጥበቃው ነግሯታል። ያን ቀን ጋደም እላለሁ ብላ ቀን እየቆጠረች ነው።

ከእኔም ከእሷም ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የጭስ ማጽጃው ኤሌክትሪሺያን የነበርኩ