«ወደ ቤቷ ወስዳችሁ አስታምሟት» ከተባለችው በሽተኛ

ለክቡር ዶክተር ፍሬምናጦስ
የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ልደታ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ወለተሥላሴ ነኝ፤ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ፣ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ባለፈው የካቲት አንጀቷ ተዘግቶ ራሷን ስታ እናንተ ዘንድ የመጣችው። እስከ ዛሬ በሕይወት በመቆየቴ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ከመታመሜ ከአንድ ዓመት በፊት፣ አእምሮዬ ሙሉ ሳለ፣ በሦስት ምስክሮች ፊት አንድ ወረቀት ጽፌ ፈርሜ ነበር። መናገር ካቃተኝ ስለ ሕክምናዬ የምትወስነው ፊት ለፊቴ የምትኖረው ጎረቤቴ ሩሃማ እንድትሆን፣ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም ዕድሜዬ ሳይታይ እንዲደረግልኝ ይላል። ሩሃማ ወረቀቱን ስትሰጥዎ ማኅተም የለውም ብለው መልሰውላታል። ለጥንቃቄዎ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም።

2. በምትኩ ወንድሜን ደጉን አስጠሩ። ደጉ ስምንት ዓመት ሙሉ ደጄን ያልረገጠ ሰው ነው፤ ሆኖም አባታችን አንድ በመሆኑ ማኅተም አልተጠየቀም። እሱ አርጅታለች፣ በቢላ አትሰቃይ አለ። እርስዎም «ወደ ቤቷ ወስዳችሁ አስታምሟት» ብለው ፈረሙ። አርባ ዓመት በመዝገብ ቤት ስሠራ አንድ ጉዳይ ኮሪደር ላይ በቆመበት እንዲህ በቅልጥፍና ሲዘጋ አላየሁም።

3. ደጉ እኔን እዚያው ትቶ ድንኳን ሊያስይዝ ወደ እድሬ ሮጠ። ሩሃማ ግን በአምቡላንስ ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰደችኝ። የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበችና «የፈለገችው እኮ ተጽፏል፤ ምን እንጠብቃለን?» ብላ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባችኝ። ይህን ጥያቄ እርስዎም እንዳይጠይቁ የከለከለዎት ከባድ ሥራ እንደነበረ አልጠራጠርም።

4. በአራተኛው ቀን ስነቃ ሩሃማ ሁሉንም ነገረችኝ። ቁስሉ ያማል፤ የባሰ ያመመኝ ግን አስቤና ተጨንቄ የጻፍኩት ቃል ከአንድ ክብ ቀለም ማነሱ ነው። ደጉ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነበር፤ አልጋዬ ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ዶክተሩ ተስፋ የላትም ስላሉኝ ነው አለኝ። ይቅር ብዬዋለሁ፤ እሱ ሕክምና አልተማረም።

ለክቡርነትዎ ካለኝ የማይነገር አክብሮት ጋር፣ በየቀኑ ሦስት ፎቅ በእግሯ የምትወጣው
ወለተሥላሴ ሀብተ ማርያም

ግልባጭ፦ ለወንድሜ ለደጉ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሰኞ የሕክምና ማስረጃዬን ኮፒ ልወስድ በአካል መጥቼ ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ስሜን ፈልጋ ካገኘች በኋላ በታላቅ ትሕትና «እማማ፣ የሟች ካርድ የምንሰጠው ለቤተሰብ ብቻ ነው» አለችኝ።