ቡሬ የማን ናት?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ጠዋት 2፡30

ዛሬም መብራት የለም። እማዬ ቡሬን እያለበች ነው። እኔ በላፕቶፑ የቀረችውን ባትሪ እየሰሰትኩ። ደግነቱ የላሞቹ መዝገብ፣ ዳታቤዙ፣ እዚህ ቤት አይኖርም። ኬፕታውን ባለ የኪራይ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚያድረው። አሰላ ጨለመች አልጨለመች ግድ የለውም። በስልኬ ኢንተርኔት እገባለሁ፣ እሠራለሁ፣ እወጣለሁ።

እማዬ ነገሩ አልዋጥ ብሏታል። የወተት ማኅበሩ ላሞች ስም ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ምን ይሠራል ትላለች። ላሚቱ እዚህ፣ ስሟ እዚያ። ታዲያ እዚያ ድርቆሽ ማን ያቀርብላታል ብላ ጠየቀችኝ፤ ፊቷ ላይ ሳቅ የሚባል የለም። የምትቀልድብኝ መሆኑን ያወቅሁት ዞር ስትል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ነው።

ማስታወሻዬ፣ አንቺም እንዳትቀልጂብኝ ልንገርሽ። ማኅበሩ የአባላቱን ላሞች የሚመዘግብ ፕሮግራም ሥሪልን ብሎኛል። አንድ ሰንጠረዥ ለሰዎች፣ አንድ ሰንጠረዥ ለላሞች። እያንዳንዷ ላም የጆሮ ቁጥር አላት፤ ከቁጥሯ አጠገብ የባለቤቷ ስም። ክትባቷ ሲደርስ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ፣ ለባለቤቷ ስልክ መልእክት ይሄዳል። አንድ ላም፣ አንድ ባለቤት። ሕጉ ይኸው ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ትንሽ ኮራሁ።

ባትሪው አለቀ። ቻው።

ኀሙስ፣ ኅዳር 5፤ ከሰዓት 9፡00

መብራት አለ። የሁሩታና የዴራ ምዝገባ ገባ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግን ድግግሞሽ አየሁ። ያው የጆሮ ቁጥር፣ ሁለት የተለያየ ባለቤት። አንድ ቦታ አይደለም፤ ብዙ ቦታ። በየመንደሩ የዞሩትን መዝጋቢዎች ፀሐይ መትቷቸው ነው አልኩ።

ይባስ ብሎ የእኛዋ ቡሬም አለችበት። አንዴ በእማዬ ስም፣ አንዴ በአዴ ከዲጃ ስም። አዴ ከዲጃ የእማዬ ጓደኛ ናቸው። ሁሩታ አጠገብ ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ሲመጡ የሚያርፉት እኛ ቤት ነው። ለእኔ ከአክስት ይበልጣሉ። ቡሬን እንደ ልጅ ነው የሚወዷት፤ ከራሳቸው ላሞች ጋር ቢቆጥሯት አይገርመኝም። ብቻዬን ሳቅሁ።

እንዴት ይፈታ? ቀላል። ላሟ የምታድረው ማን ግቢ ነው? የዚያ ሰው ናት። ሌላኛው መስመር ይሰረዝ። አንድ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ድግግሞሹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ድራሹ ጠፋ።

ንጹሕ ሰንጠረዥ። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ ያለ አይመስለኝም። ወጥቼ ራሴን ማኪያቶ ጋበዝኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7፤ ከሰዓት 8፡00

አዴ ከዲጃ አልመጡም። ገበያ ግን መጥተዋል፤ እማዬ ከበሩ ሆና አይታቸዋለች።

ሌላ ጊዜ ከሚኒባስ እንደወረዱ ጭነታቸውን የሚያሳርፉት እኛ በር ላይ ነው። ከዚያ ምሳ። ከዚያ ሁለቱ አማርኛና ኦሮምኛውን እያደባለቁ ሰው ያማሉ፤ ሐሜቱ ሲጥም ኦሮምኛው ይበዛል። ዛሬ ጭነታቸውን ማዶ ያለው ሱቅ አስቀመጡ። ወደ እኛ በር እንኳ ሳያዩ አለፉ።

ለእሳቸው ተብሎ የተሠራው ጨጨብሳ ቀዘቀዘ። እማዬ ሁለት ጊዜ ደወለች። አይነሣም። ምን አድርጌያት ይሆን እያለች ጓዳና ሳሎን ትመላለሳለች። ማስታወሻዬ፣ እማዬ ስትቆጣ እችላታለሁ። እንዲህ ስትሆን ግን አልችልም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9፤ ጠዋት 4፡00

የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ በቀለ ደወለ። እሱ ሲደውል መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ እናት፣ ቀጥሎ አዝመራ። ዛሬ ሦስቱንም ዘለላቸው። ቢሮው በሰው ተሞልቷል አለ። የሁሉም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት፦ «ላምዎ ከስምዎ ተሰርዛለች።»

ክው አልኩ።

መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ድሮ፣ ሥራውን ስጀምር። ላም ስትሸጥ የቀድሞ ባለቤቷ እንዲያውቅ ብዬ። መስመር ሲሰረዝ ፕሮግራሙ ማንንም ሳይጠይቅ ይልካል። ኀሙስ ዕለት ስሰርዝ ትዝ እንኳ አላለኝም። እኔ ማኪያቶዬን ስጠጣ መልእክቱ መንደር ለመንደር እየዞረ ነበር ማለት ነው።

አንዱ ሁሩታ ደርሷል። አዴ ከዲጃ ማንበብ አይችሉም፤ የሚያነብላቸው ልጃቸው አብዲ ነው።

ዛሬውኑ፤ ከሰዓት 10፡00

እማዬን ጠየቅኋት። ቡሬ የማን ናት?

ይህ ይጠየቃል እንዴ፣ የከዲጃ ናት አለች።

ዕድሜ ልኬን የእኛ መስላኝ፣ ስላት፣ የእኛም ናት አለች። ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ። እኔ ገና የጡት ልጅ ሳለሁ እማዬ ታማ ጡቷ ደረቀ። አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጢቾ ተመድቦ ያስተምር ነበር። ዘመድ ሩቅ። አዴ ከዲጃ ያኔ እዚሁ አሰላ ጎረቤታችን ነበሩ። አንድ ጠዋት አንዲት የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ እየነዱ መጥተው ግቢያችን ውስጥ አሰሯት። ደባሬ ነው አሉ።

ቃሉን ሰምቼው አውቃለሁ። የገጠር ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እኛው ግቢ ቆሞ ያመሰኳል። ደባሬ እንዲህ ነው፦ ላም ያለው ላም ለሌለው ይሰጣል። ወተቱ የተቀባይ፤ ላሟና የምትወልደው የሰጪ። ላሟ ስታረጅ ልጇ ትተካለች፤ ሁለቱ ሰዎች በላም እንደተሳሰሩ ይኖራሉ። ያቺ የመጀመሪያዋ ላም የቡሬ አያት ናት። እኔ ያደግሁት በእሷ ወተት ነው፤ ከዚያ በልጇ፤ አሁን በቡሬ።

እንግዲህ መዝጋቢዎቹን ፀሐይ አልመታቸውም። ድግግሞሽ ብዬ የጠረግሁት ሁሉ ደባሬ ነው። አንድ ላም፣ ሁለት ሰው። እኔ ግን ሁለተኛውን ሰው የሚያስገባ ቦታ አልሠራሁም።

መልእክቱን ስነግራት አልተቆጣችም። ጭራሽ ድምፅዋ ቀነሰ። ከዲጃ እኔ ያሰረዝኳት መስሏታላ አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፤ ጠዋት 5፡00

መለስኩት። የክላውድ፣ የዚያ የኪራይ ኮምፒውተር፣ ደግ ነገሩ ይሄ ነው፤ ሳይነግርሽ በየጊዜው ቅጂ ያስቀምጣል። ኀሙስ ከምሳ በፊት እንደነበረው አድርጊልኝ ስትይው ያደርግልሻል። በዋናው ላይ አልመለስኩትም፤ ከዚያ ወዲህ የገባው ክትባት ይጠፋ ነበር። ቅጂውን ለብቻው አስነሥቼ የሰረዝኳቸውን መስመሮች ብቻ ቀድቼ ወደ ቦታቸው አስገባሁ። አሁን ሁሉም በቦታቸው ናቸው፤ ቡሬም እንደገና ሁለት ቦታ አለች፤ ድግግሞሿን እያየሁ ደስ አለኝ።

የይቅርታ መልእክትም ሄደ። አቶ በቀለ ነው በኦሮምኛ አሳምሮ የጻፈው። ቢሮው ጸጥ ብሏል አለኝ፤ ዛሬ ከነጤናው ከነአዝመራው ነው የጠየቀኝ።

አዴ ከዲጃ ግን አሁንም ስልክ አያነሡም። አብዲ አነሣ። ይቅርታውን አንብቦላቸዋል። ከሰሙ በኋላ ያሉት፦ አስካለ እግር የላትም ወይ?

አስካለ እማዬ ናት። ሄደን እንያቸው ብላት ግን እንቢ። ደጄን ያለፈችው እሷ ናት፣ እኔ ልሄድ ነው? አለች። ሁለት ግትሮች። ዳታቤዙን ወደ ኀሙስ መመለስ ይቻላል፤ እነዚህን ሁለቱን ማን ይመልሳቸው?

ሌላም አለ። ኅዳር 15 ጾም ይገባል። በየዓመቱ ጾሙ ሳይገባ እማዬ ያጠራቀመችውን ቅቤ ለአዴ ከዲጃ ትሰጣለች፤ እኛ ስንጾም እሳቸው ይበሉታል። ዘንድሮም ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ጓዳ ተቀምጧል። ስሙን አታነሣም። እኔም አላነሣም።

ኀሙስ፣ ኅዳር 12፤ ቀን 6፡30

ሚካኤል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ ነገ ሁሩታ እንሄዳለን አለች። ምን ሰምታ እንደመጣች አልጠየቅሁም፤ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቼ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፤ ምሽት 12፡30

ተመለስን። ሳይረሳኝ ልጻፍ።

ሚኒባስ፣ ባጃጅ፣ የቀረውን በእግር። ግራ ቀኙ ስንዴ፤ ኮምባይነር ያጓራል። ቅቤውን ልያዝልሽ ብላት አልሰጠችኝም። አዴ ከዲጃ በር ላይ ቆመው ነበር፤ አብዲ ሳይነግራቸው አልቀረም። አካም ጅርታ ተባባሉ፣ እንደ ባዳ። ገባን። ተቀመጥን።

ሻይ መጣ። ያለ ወተት። ከጎኑ የገብስ ቆሎ። ዓርብ ነዋ፤ ተቀይመውም ቢሆን የእማዬን ጾም አልዘነጉም። ለእኔም ያለ ወተት ነው የቀዱልኝ። እኔ ዓርብን እንደማልጾም ያውቃሉ፤ እማዬ ፊት ግን አያጋልጡኝም። እዚያ ቆሎ ላይ ነው እንባዬ የመጣው።

ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለአንድ ላም አንድ ባለቤት ብቻ ይኑር ብዬ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እማዬ አንድም ነገር አታውቅም አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ሲመልሱ ግን ያዩት እኔን አይደለም፤ እማዬን ነው።

«ላሟን አይደለም፣ አስካለ። ላም ላም ናት። አብዲ ከስምሽ ተሰርዛለች ሲለኝ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ከእኔ ጋር የሚያገናኛት ነገር አልፈለገችም አልኩ። ታዲያ በየትኛው ፊቴ በርሽ ላይ ልውረድ?»

እማዬ ሻይዋን አስቀመጠች። «ጨጨብሳው ቀዘቀዘብኝ እኮ» አለች።

በቃ ይሄው ነው። አለቀሱ። እኔም። ከዚያ ቅቤው ወጣ። አዴ ከዲጃ ኮባውን ገለጥ አድርገው አሸተቱና፣ ዘንድሮ ቡሬን ምን አብልተሻት ነው፣ የአምናው ይሻል ነበር አሉ። እማዬ የአንቺ አፍንጫ ነው ያረጀው አለቻቸው። እፎይ አልኩ።

ልንወጣ ስንል አዴ ከዲጃ እጄን ያዙ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ሩቅ ያለው ኮምፒውተር፣ እኛ ስንሞት ምን ያደርገናል?»

ሰው ካልሰረዛችሁ በራሱ አይሰርዛችሁም አልኳቸው።

«እንግዲያው ጻፊ። ከእኔ ቀጥሎ አብዲ። ከእናትሽ ቀጥሎ አንቺ። ወተቷን የጠጣሽው አንቺ ነሽ።»

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፤ ጠዋት 4፡00

ነገ ጾም ይገባል። መብራት አለ፤ ባይኖርም ግድ የለኝም ነበር።

አዲስ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ስሙ ደባሬ። ከላም አጠገብ ሰጪ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ከሁለቱ ቀጥሎ የሚመጡት አሉ፣ የተጀመረበት፣ የሚያበቃበት። የማንም ስም ሳይሰረዝ መልእክቱ ለሁለቱም ይሄዳል። አቶ በቀለ ሌሎቹን ከሰኞ ጀምሮ ያስሞላል። የመጀመሪያውን መስመር ግን እኔ ነኝ የምሞላው።

ላም፦ ቡሬ። ሰጪ፦ አዴ ከዲጃ። ተቀባይ፦ ወ/ሮ አስካለ። ከሰጪ ቀጥሎ፦ አብዲ። ከተቀባይ ቀጥሎ የራሴን ስም ስጽፍ ጣቴ ትንሽ ቆመ። እማዬ የሌለችበትን ቀን መጻፍ ነዋ። ጻፍኩት። የተጀመረበት፦ እኔ የተወለድኩበት ዓመት።

መዝግብ ስለው እንቢ አለ። የሚያበቃበት ቀን ባዶ መሆን አይችልም ይለኛል። ይህንን ሕግ ያወጣው ማነው? እኔው። አመል።

ውጭ ድምፅ ይሰማኛል። አዴ ከዲጃ ጭነታቸውን በራችን ላይ እያሳረፉ ነው፤ በሩ ጠበበ ብለው እማዬን ይቆጣሉ። ከዚያ ኦሮምኛው በዛ፤ የሆነ ሰው እየታማ ነው። ጨጨብሳው ሳይቀዘቅዝ ነይ እየተባልኩ ነው።

መጣሁ፣ አንዴ። ያንን ሕግ አነሣሁት። የሚያበቃበት ቀን ባዶ መሆን ይችላል።

ባዶውን ተውኩት። ገባ።