ለጥንብ አንሳ ብሎ የሚነዳ ጠፋ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሰሽ መዋልሽን ሳስብ የሚቆረጥመው የእኔ ወገብ ነው። እማዬስ እንዴት ናት? የዓይን ጠብታውን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ አሁንም ጭጋግ ነው እንጂ ሕመም አይደለም እያለች ትከራከራችኋለች? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹ ልጅሽ ቁንጮስ? የፊት ጥርሶቹ ከወለቁ ወዲህ ማፏጨት አልሆንለት ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ ምራቅ በምራቅ ማድረጉን ከጻፍሽልኝ ጀምሮ ባስታወስኩት ቁጥር እስቃለሁ። እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም በእናንተ ደህንነት ደህና ነኝ።

አካሌስ በእርግጥ ደህና ነው፤ ብስክሌቱ እግሬን ግንድ አስመስሎታል። ልቤ ግን ደህና አይደለም፣ እታለም። ጭንቅ ይዞኛል። ምግብ ፊቴ አስቀምጬ ሳልቀምሰው ይቀዘቅዛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፤ ነገሩ ግን ዘው ብለው የሚገቡበት አይደለምና ከመጀመሪያው እስክነግርሽ ታገሺኝ።

የምሠራበትን ግቢ በወሬ ታውቂዋለሽ። መርዝ የበሉ፣ የመብራት ሽቦ የመታቸው ጥንብ አንሳዎች የሚታከሙበት ነው። ሐኪሟ ታክማቸዋለች፣ እኔ እመግባቸዋለሁ፣ ዘበኛችን ጀነራሉ ደግሞ ይቆጣቸዋል። ጀነራል የምንለው ጦር ሜዳ ስለዋለ አይደለም፤ በር ሲከፍት እንኳ ትእዛዝ ስለሚሰጥ ነው። የሥጋው ሽታ ከልብሴ አይወጣም፤ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ምንጊዜም ባዶ ስለሆነ እንደ ሚኒስትር ተንፈላስሼ እሄዳለሁ። ድነው የተለቀቁት አሞራዎች ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገደል ሰፍረዋል። ክንፋቸው የተቆረጠው ግን ዕድሜ ልካቸውን ከእኛ ጋር ናቸው። ሰው ፊታቸውን አይቶ ይሸሻል። ለምጃቸዋለሁ ብልሽ ውሸት ነው፤ ወድጃቸዋለሁ።

ዘንድሮ ግቢውን የሚደግፈው ማኅበር እጁን ሰበሰበ። ኃላፊያችን የዱር እንስሳት ወዳጅ የተባለውን ሰው ሁሉ በር ሲያንኳኳ ከረመና አንድ ተስፋ ይዞ መጣ። ከግቢያችን በር ተነስቶ እስከ ወደቡ ከተማ ድረስ በብስክሌት የሚነዳ ሰው ከተገኘ፣ በየመንገዱ ያሉ ትምህርት ቤቶችና ነጋዴዎች ለግቢው ሊያዋጡ ቃል ገቡ። ቀኑ ተቆረጠ፣ ማስታወቂያው በየግድግዳው ተለጠፈ። ጉዞው ከቀረ ግቢው ይዘጋል። የሚበሩት እንደፈቀዳቸው ይሆናሉ፤ የማይበሩትን ግን የሚወስዳቸው ስለሌለ ሐኪሟ በመርፌ ታሳርፋቸዋለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ነግራኝ ስታበቃ መድኃኒት ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋችው።

እኔ እነዳለሁ አልኩ። ሌላ ማን አለ? ሐኪሟ ነፍሰ ጡር ናት፣ ጀነራሉ ዳሌው አይታዘዝለትም፣ ኃላፊያችን ገና ኮርቻው ላይ ሲወጣ ጎማው ያቃስታል። የከተማው የብስክሌት ቡድን ልጆች አብረውኝ ሊነዱ ተስማሙና ልምምድ ጀመርኩ። ብልጠቴ ጉድ የሠራኝ እዚህ ላይ ነው። የተለቀቁት አሞራዎች ለጅብ የተቀመጠ መርዝ እንዳይበሉ፣ ንጹሕ ሥጋ ገደሉ አፋፍ ድረስ እየወሰድኩ እሰጣቸዋለሁ። ድሮ የማደርሰው በግቢው መኪና ነበር። ዳገቱ ልምምድ ይሆነኛል፣ ሸክሙም እግር ያጠነክራል፣ ነዳጅም ይተርፋል ብዬ ሥጋውን በብስክሌት ማመላለስ ያዝኩ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የሆነብኝ።

መጀመሪያ አፋፉ ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ቀጥለው ዳገቱ ሥር ይቀበሉኝ ጀመር። ኋላማ ከግቢው በር ጀምረው በላዬ እየዞሩ ያጅቡኛል። ሞኙ ወንድምሽ ደስ አለኝ! ሠርገኛ ሆንኩ እኮ እያልኩ እጎርር ነበር። ሽቅብ አይቶ ፊቱን ያጠቆረው ጀነራሉ ብቻ ነው። ይኼ ነገር አላማረኝም፣ አሞራ የሚከተለው ሰው በጤናው አይደለም አለኝ። ሳቅሁበት።

ከቡድኑ ልጆች ጋር ዋናውን መንገድ ልንሞክር የወጣን ዕለት ሥጋ አልያዝኩም ነበር። ቢሆንም መጡ። ውሃ ልጠጣ መንገድ ዳር ስቆም ልመግባቸው መስሏቸው ከፊትም ከኋላም አስፋልቱ ላይ ወረዱ። ልጆቹ ተደናግጠው እርስ በርስ ተጋጩ፤ የአንደኛው ክንድ ተሰበረ። ጡረተኛው የምንለው አንድ ሽማግሌ አሞራ ነበር፤ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ የሚቆም፣ ከሁሉ ቀድሞ ከእጄ የበላ። ሊሸሽ ክንፉን ሲዘረጋ የጭነት መኪና ደረሰበት። በጃኬቴ ጠቅልዬ ከአስፋልቱ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። መርዙን ችሎ የዳነውን አሞራ የእኔ ብልጠት ገደለው።

ከዚያ ወዲህ ያልሞከርነው የለም። ልብስ ቀየርኩ፣ ሄልሜት ደፋሁ፣ የሐኪሟን ሻርፕ እንደ ሙሽራ ተከናንቤ ነዳሁ፤ መጡ። ጀነራሉ የእኔን ልብስ ለብሶ በእኔው ብስክሌት እያቃሰተ እስከ መታጠፊያው ሄደ፤ አንዱም ከተቀመጠበት አልተነሳ። እኔ በእግሬ ብወጣ ግን ወረዱ። የሚያውቁት ብስክሌቱን አይደለም፣ እኔን ነው። በጨለማ ብነሳ እንኳ ቀኑ ሞቅ ሲል ከላይ ሆነው አገር ምድሩን ስለሚያዩ ያገኙኛል። ብነዳ ወደቡ እደርስ ይሆናል፤ የምደርሰው ግን እነሱን መኪና እያስገጨሁ ነው። ባልነዳ ደግሞ በግቢው ያሉት ያልቃሉ። ወዲህ ገደል፣ ወዲያ ገደል።

የቡድኑን ልጆች ወላጆቻቸው ከለከሏቸው፤ አልፈርድባቸውም። ብስክሌት ያለውን ሰው ሁሉ እየዞርኩ ለመንኩ። ዳቦ ጋጋሪው ለሚዳቋ ቢሆን እሺ ባልኩ፣ ለጥንብ አንሳ ብዬ ግን ላቤን አላፈስም አለኝ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው ደግሞ እነሱ እኮ የሚጠብቁት የእኔን መሞት ነው፣ ጭራሽ ላግዛቸው እንዴ ብሎ ደንበኞቹን አሳቀብኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ያን ዕለት ግን ከሱቁ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ።

እንግዲህ እታለም፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ልለምንሽ ነው። ነይና አንቺ ንጂልኝ።

ምን እየጠየቅሁሽ እንደሆነ አላጣሁትም። ድሮ ከከተማ ከተማ ዳቦ በብስክሌት ስታመላልሺ ዳገት ላይ ወንዶቹን ጥለሻቸው ትሄጂ ነበር። የልጆችሽን አባት የጭነት መኪና ከብስክሌቱ ላይ ከነጠቀሽ ወዲህ ግን ፔዳል ረግጠሽ አታውቂም። ብስክሌትሽን ዕቃ ቤት ቆልፈሽ ቁልፉን ለእማዬ ሰጥተሻታል። ይህን ሊጠየቅ የማይገባው ሰው ቢኖር አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ለአሞራ ብሎ እህቱን መኪና መንገድ ላይ የሚያወጣ ምን ዓይነት ወንድም ነው ብትዪኝ እውነት አለሽ። ጻፍኩ፣ ቀደድኩ፣ ይኸው ደግሞ ጻፍኩ።

ሐኪሟ በግቢው መኪና መብራት አብርታ ከኋላሽ ትከተላለች። ከኋላሽ የሚመጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። እኔ አብሬሽ ልሆን አልችልም፤ አብሬሽ ከሆንኩ ይከተሉናል። አንቺ መንገድ ላይ እስካለሽ ድረስ ገደሉ አፋፍ ላይ ሜዳው መሃል እቀመጣለሁ። ፀሐይ ይሁን ዝናብ፣ እኔን ካዩ የትም አይሄዱም። ስለዚህ ወደ ላይ አትመልከቺ፤ ሰማዩን ለእኔ ተዪውና መንገድሽን ብቻ እዪ። ከፈራሽ ውረጂና መንገድ ዳር ተቀመጪ፣ የሚያስቸኩልሽ የለም። ከግማሽ መንገድ ብትመለሺም ማንም አንድ ቃል አይናገርሽም።

እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም፤ ከልቤ ነው። እምቢ ማለቱ ከከበደሽ ዝም በይ፣ ይገባኛል። ብቻ የማይበሩትን በየማለዳው ስመግብ ዓይናቸውን ማየት አቅቶኛል። ሥጋውን ጥዬላቸው ፊቴን አዙሬ እወጣለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ይህን ነገር የምትነግሪያት ከሆነ ጠብታውን ከማድረጓ በፊት ይሁን፤ ያለዚያ በዕንባ ታጥበዋለች። ትልቋን አጎትሽ ኮርቶብሻል በያት። ቁንጮን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ምራቁን ሳልጠየፍ ነው የምስመው በይው። ጎረቤትሽን እትዬንም፣ ልጆቹን የምትይዝልሽ እሷ ናትና፣ ከሁሉም አብልጠሽ ሰላም በይልኝ።

ሳልጠይቅሽ ያደረግሁት አንድ ነገር አለ፣ ይቅር በይኝ። ዛሬ ብስክሌቴን አጥቤ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባሁት፤ ኮርቻውንም ባንቺ ቁመት ልክ ዝቅ አደረግሁት። አሁን እኔ ልንዳው ብል እንኳ ጉልበቴ ከመሪው ጋር ይጋጫል።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከመመገቢያው ክፍል፣ ሥጋ ከሚከተፍበት ጠረጴዛ ጫፍ
ሐሙስ ረፋድ፣ ጉዞው ሊጀመር አንድ ወር ሲቀረው