«ከመነሻው!» ያልከው ድምፅህና የጌትነት ማትሪክ

ይድረስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ከጥዱ ጥላ ለተኛኸው ለአባየ፤

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ሰነበትክ አልልህም፤ አንተ ካለህበት ወረፋም ስብሰባም የለም። እኛ ግን ደክሞናል። እማየን ጉልበቷን ያማታል፤ የጓሮው ጌሾ ደርቋል፤ በቅሎህንም ሸጠናታል። የሸጥናት ለማትሪክ ነው። ታናሽ ወንድሜ ጌትነትህ ወልድያ ሄዶ የሚያድርበትና የሚቀምሰው አስፈለገው።

ማትሪክ ምን እንደሆነ ሳታውቀው ሄድክ። ብዙ ዓመት የተማርከውን ሰብስበው አምጥተው ከትንንሽ ክቦች አንዷን በእርሳስ አጥቁር ይሉሃል። የሚያርመው አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር የሚሉት መኪና ነው። ፊት አያይም፣ ጉቦ አይበላም፣ ስለዚህ ፍትሐዊ ነው ተባልን። እማየ የጌትነትን ግንባር እምነት ስትቀባ ቆየችና «ለመሆኑ መኪናው አማኝ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው። የከተማው ልጅ ቤተ ሙከራ ገብቶ በእጁ የዳሰሰውን ብልቃጥ፣ ያንተ ልጅ በጠመኔ ተስሎ ነው ያየው። የፊዚክስ መምህሩም ዘምቶ አልተመለሰም። አጋሰስና ሰጋር በቅሎ ባንድ መስክ አሰልፎ «እኩል ሩጡ» ማለት እኩልነት ከሆነ፣ አብዮታችን ግቡን መቷል። ይህን ላንተ ብቻ ነው የምጽፈው፤ አንተ ለቀበሌ አትናገርም።

ልጁ ግን ሰነፍ አልነበረም። ያጠፋኸው አንተ ነህ። ዜማ ስታስተምር አንድ ቃል የሳተ ተማሪ ከሳተበት አይቀጥልም ነበር፤ መቋሚያህን መሬት ላይ መታ አድርገህ «ከመነሻው!» ትላለህ። ልጁ ያንን እየሰማ አደገ። በሂሳቡ ፈተና አንዲት ጥያቄ ዘለለና ከዚያ በኋላ ያለውን መልስ ሁሉ በማይገባው መስመር ሲያጠቁር ቆየ። የነቃው መካከል ላይ ነው። ሌላው ቢሆን ከሳተበት አርሞ ይቀጥል ነበር። የመሪጌታ ልጅ ግን ሁሉንም በላጲስ ጠርጎ ከቁጥር አንድ ጀመረ። ወረቀቱ ተላጠ፣ ደወሉ ተደወለ፣ ግማሹ ባዶ ቀረ።

«ምን ነካህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እታለም፣ አባየ ጮኸብኝ» አለኝ።

ተቀይሜህ ነበር። ግን የሞተ ሰው ማኩረፍ ያደክማል፤ መጥቶ አይታረቅህም።

ውጤቱ ሲመጣ ጥቂት ጎደለው። እማየ «ጥቂትማ ከሆነች ከጎረቤት ተበድረን አንሞላትም?» አለች። ሳቅንባት። ዩኒቨርሲቲ ያልወሰደውን ማን እንደሚወስደው ግን እናውቃለን።

ቀበሌው ወዲያው አስታወሰው። የጦሩ መግቢያ፣ አባየ፣ የእውነት ፍትሐዊ ነው፤ ማንንም አይጥልም። የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ በውጤት ከጌትነት ያንስ ነበር፤ እንዳጋጣሚ እግሩን አመመውና ከጥሪው ቀረ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ኳስ ሲያባርር አይቸዋለሁ፤ እግዜር ምሮታል።

ትናንት ሸኘነው። ጭነት መኪናው ላይ ወጥቶ እንደ አንተ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ዜማ ሊያሰማን መስሎኝ ነበር። «እታለም፣ መጻሕፍቴን ለማንም እንዳትሰጪብኝ። ስመለስ ከመነሻው ነው» ብሎ ጮኸልኝ። እማየ አቧራው እስኪጠፋ ቆመችና፣ «ይኸን እንኳ ለአባትሽ ንገሪው» አለችኝ። ይኸው ነገርኩህ።

መጻሕፍቱ ከድጓህ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ አይጥ እንዳይነካቸው እኔ አለሁ። አንተንም እንዳትረሳ እጠብቅሃለሁ። ድምፅህ እየራቀኝ ነው፤ አንዳንዴ አንድ ነገር ስትል እሰማህና መካከሉ ይጠፋኛል። ያኔ መቋሚያህን ከማዕዘኑ አነሳለሁ፣ መሬቱን መታ አደርጋለሁ፣ ከመነሻው እጀምርሃለሁ።

ታላቋ ልጅህ