የተፈቱ ፍየሎችን ስላጎሩልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ኤጀርተን ብላግሮቭ፣
የሎንግ ጋሊ መንደር የአደጋ ዝግጅት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ኮረብታው ላይ በሚገኘው የኮንክሪት ቤታቸው፣
ጃማይካ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ ቀጥሎም የጣሪያዎን ደህንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ የታችኛው ሰፈር ልብስ ሰፊ ክላሪስ ዳውኪንስ፣ ነፋሱ ቆርቆሮዬን እየደበደበ "አለሽ ወይ?" ከማለቱ በቀር ለጊዜው አለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ መስኮቶቹ ሁሉ በሳንቃ በተመቱበት ቤቴ፣ የስፌት መኪናዬን ጠረጴዛ አድርጌ ነው። አውሎ ነፋሱ ሲያልፍ ደብዳቤዬ በሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፍልኛል፤ ግድግዳው ከተረፈ።

እንደሚያውቁት፣ በእኛ ሰፈር አውሎ ነፋስ መምጣቱ በራዲዮ ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ያውቃል። ቆርቆሮው በገመድ ይጠፈራል፣ በርሜሉ በውሃ ይሞላል፣ ብስኩትና የቆርቆሮ ዓሣ ይገዛል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የእንስሳት ገመድ ይቆረጣል። የታሰረ ፍየል ባለበት ይሰምጣል፤ የተፈታ ፍየል ማንም መንገድ ሳያሳየው ኮረብታውን ይወጣል፤ ነፋሱ ካለፈ በኋላም ተርቦና ተቆጥቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አባቴ ይህን የተማረው ከአባቱ ነው፤ ሁለቱም መመሪያ ጽፈው አያውቁም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ባለፈው ሐሙስ መኪናዎ በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ ተፈቶ የተገኘ እንስሳ ሁሉ እንደሚታጎር ስላስታወቀን እናመሰግናለን። ባለፈው ዓመት የተፈቱ ፍየሎች መጠለያ በሆነው ትምህርት ቤት ደጃፍ ያስተከሉትን አበባ መብላታቸው ምን ያህል እንዳሳዘነዎ እናውቃለን። እኔ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ቅዳሜ ጠዋት አምስቱን ፍየሎቼንና ቻሪቲ የምትባለውን አህያዬን ፈታሁ፤ የኮሚቴዎ ሠራተኞችም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉንም ለቅመው አጎሩልኝ። ይህ ትጋት ከሦስት ዓመት ጀምሮ ይጠረጋል ለተባለው የጎርፍ መውረጃ ቢተርፍ ኖሮ እንዴት ደስ ባለን።

፪. ማጎሪያውን ከወንዙ አፍ፣ ውሃ ቀድሞ ደርሶ ዘግይቶ በሚሄድበት ስፍራ ስላሠሩት እናመሰግናለን። እንስሳቱ እንዳይጠማቸው ታስቦ መሆኑ ገብቶኛል።

፫. እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ መጠለያው ትምህርት ቤት መጥቼ የማጎሪያውን ቁልፍ ስለምንዎ፣ በተሰበሰበው ሰው ፊት "ሚስ ክላሪስ፣ ለፍየሎችዎም ፍራሽ ላንጥፍ እንዴ?" ብለው ስላሳቁብኝ አመሰግናለሁ፤ በጭንቅ ቀን ሳቅ መድኃኒት ነው። የመልቀቂያው ቅጽ ማክሰኞ በሥራ ሰዓት በቢሮዎ እንደሚፈረምም አስረዱኝ። አውሎ ነፋሱ ሰኞ እንደሚገባ ራዲዮው ከተናገረ ሁለት ቀኑ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብዬ ብሞግትዎ "ደንብ ደንብ ነው፣ እናቴ" አሉኝ። ኮረብታው ላይ አብረውዎት የሚኖሩት እናትዎ ብሆን ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ባለቀ ነበር።

፬. ለእኔ በመጠለያው አንድ ፍራሽ ሰጥተውኛል፤ ለዚህስ ያለ ምንም ፌዝ አመሰግናለሁ። ተኝቼበትም አድሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን የፍየሎቹ ጩኸት ከወንዙ እስከ ትምህርት ቤቱ ይሰማ ነበር። የዶርካስን፣ የትልቋን ፍየሌን ድምፅ ከሌሎቹ ለየሁት፤ ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ጎረቤቴን ማስ ሊንተንን ከነምስማር መንቀያ ብረቱ ይዤ ወረድኩ። ጓጉንቸርዎ እጅግ ጠንካራ ነበር፤ የተንጠለጠለበት በር ግን እንደሱ አልነበረም። ውሃው የፍየሎቹን ሆድ ነክቶ አገኘነው። ወደ ኮረብታው ልንነዳቸው ስንል ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ነበር፤ እኛም ወደ መጠለያው መመለሻ አጣን። የቀረን ደረቅ ስፍራ ቤቴ ብቻ ነበር።

አሁን በሁለት ክፍል ውስጥ የእኔም የሰውም አሥራ አራት ፍየሎች፣ ቻሪቲ፣ ማስ ሊንተንና እኔ አለን። መስኮቶቹ ከውጭ በምስማር ተመትተዋል፤ በሩን ብንከፍተው መልሶ የሚዘጋው ጉልበት የለንም። ማስ ሊንተን በሩን በጀርባው ደግፎ "ሚስ ክላሪስ፣ ፍየሎችሽ ተፈተው እኛ ታሰርን እኮ!" ሲለኝ ስቄ ነበር። ይህን ካለ አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ በበሩ ስንጥቅ ደረጃ እንቆጥራለን። ውሃው የደጄን ሁለተኛ ደረጃ ሸፍኗል፤ ያለኝ ሦስት ደረጃ ነው። ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ቅዳሜ ቢተዉልኝ ኖሮ ፍየሎቼ ኮረብታው ላይ፣ እኔም በሰጡኝ ፍራሽ ላይ ነበርን።

ብዕርዎ ለማክሰኞው ፊርማ ሳይነጥፍ፣ አበባዎም ሳይነካ እንዲቆይ ከልብ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ ለመሆን ሞክሬ ያልተሳካልኝ፣
በደንብዎ ጥላና በራሴ ቆርቆሮ ሥር የምገኝ፣

ክላሪስ ዳውኪንስ

ማስታወሻ፦ ከላይ ስቆጥር አንዲት ላም ዘልያለሁ፤ ግንባሯ ነጭ፣ ጆሮዋ ላይ የስምዎ የመጀመሪያ ፊደላት ያሉበት። እሷንም ከማጎሪያው ነው ያወጣናት። አንገቷ ላይ የቀረው ገመድ በቢላ የተቆረጠ ነው፤ ከቤትዎ ማን እንደቆረጠው አውቃለሁ፣ ነገር ግን በዚህ ዕድሜያቸው እንዳይቆጧቸው ስማቸውን አልጽፍም። ላምዎ አሁን ከአልጋዬ አጠገብ ቆማለች። ይህ ደብዳቤ በምን እንደሚደርስዎ ባላውቅም፣ እባክዎ ማክሰኞን አይጠብቁ። እሷ መዋኘት ትችላለች፤ እኔ አልችልም።