ተማሪ ሀጂራ መዳፏ ላይ የጻፈችው ኩረጃ ስላለመሆኑ

ቀን፦ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም

ለድልድይ ማዶ የኮምፒውተር ማጠናከሪያ ትምህርት ማዕከል
ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ሉልሰገድ እምሩ
አራዳ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ

ጉዳዩ፦ ተማሪ ሀጂራ ቡሽራ ከክረምቱ ፕሮግራም እንዳትሰረዝ የቀረበ አቤቱታ

እኔ አመልካች የማዕከሉ ኮምፒውተር ክፍል ተቆጣጣሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጉዳዩን ሁለት ጊዜ በቃል ባቀርብም «አንቺ ልጅ፣ የምረቃ ጋውንሽ እንኳ ገና አልታጠበም» ተብዬ ስለተመለስኩ፣ ይኸው በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። ጋውኑን መልሻለሁ፤ የኪራይ ነበር።

1. በየኮምፒውተሩ የተጫነው መከታተያ ሶፍትዌር ተማሪው ራሱን እየመራ መማሩን ይለካል ተብሎ ተገዛ። የሚቆጥረው ግን ተማሪው «እቅዴ» የሚለውን ቁልፍ ስንት ጊዜ እንደተጫነና ማውሱ ሳይንቀሳቀስ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ብቻ ነው። ከሁለት ደቂቃ በላይ ዝም ያለ እጅ «ሥራ ፈት» ተብሎ ይመዘገባል። በዚሁ ደረጃ ወጥቶ፣ መጨረሻ የሆኑት የስረዛ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።

2. የአራዳ ልጆች ይህን ለመንቃት ሁለት ሳምንት አልፈጀባቸውም። አንደኛ የወጣውን ተማሪ አማኑን እስቲ እቅድህን አሳየኝ ስለው፣ «ሚስ ደግሞ! እቅድ ምን ያደርጋል? ቁልፏን ጠቅ ጠቅ ነው እንጂ!» አለኝ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አርባ አንድ ጊዜ ተጭኗታል። በዚያ ክፍለ ጊዜ የፈታው ጥያቄ የለም። እርስዎ ግን ስሙን በአርአያነት በር ላይ ለጥፈውታል።

3. ሀጂራ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰፈሯ ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ ከገላን ጉራ በሁለት አውቶቡስ ትመጣለች። ቤቷ ኮምፒውተር የለም፤ ይህን ወንበር ካጣች ከርሞ በኮምፒውተር የሚሰጠውን አገር አቀፍ ፈተና የምትለማመድበት ቦታ የላትም። ቀድሞ በደብተር እየሠራች መልሱን ብቻ ታስገባ ነበር። እርስዎ «ዲጂታል ሆነናል» ብለው ደብተር ሁሉ በር ላይ ለጥበቃ እንዲሰጥ ባዘዙ ማግስት፣ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጽፋ ተገኘች። ኩረጃ ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘባት። ከፈረሙት ሰዎች መዳፏን ያነበበ አንድም የለም። እኔ አንብቤዋለሁ፦ «ቅንፍ ስትፈቺ አትቸኩዪ። የመቀነስ ምልክቷን እያት። ከመላክሽ በፊት መልሰሽ አረጋግጪ።» መልስ የሚባል ነገር የለበትም። ልጅቷ ሁልጊዜ የሚጥላትን ስህተት ለይታ ለራሷ የሰጠችው ትእዛዝ ነው። እንለካዋለን ብለን የተነሣነው ይህንኑ አልነበረም እንዴ?

4. ሦስት ቀን ከኋላዋ ቆሜ በየደቂቃው የምታደርገውን ጽፌአለሁ። ሶፍትዌሩ «ሥራ ፈት» ካላት ሃያ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ዓይኗን ከጥያቄው ሳትነቅል፣ በከንፈሯ እያሰላች፣ ስትሳሳትም እንደገና ከሥሩ እየጀመረች ነበር። ይህን ሳሳይዎ «ማሽን ዘመድ የለውም፣ አያዳላም» አሉኝ። እውነት ነው፣ ዘመድ የለውም። ዓይንም የለውም።

5. ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ ነው አልልም። ሀጂራን መጨረሻ ያደረገውን የመጀመሪያውን ወር ሪፖርት ሳላጣራ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራ በማግኘቴ ደስታ ላይ ነበርኩ።

ስለሆነም ዓርብ ሊጸድቅ የተያዘው የስረዛ ዝርዝር እንዲታገድ፣ የኩረጃው ቃለ ጉባኤ እንዲሻር፣ ደብተርም ወደ ክፍል እንዲገባ እንዲፈቅዱ እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ ከበዛብዎት፣ ከመፈረምዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ብቻ ከጎኗ ይቀመጡ።

የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው በዚያው ዓርብ እንደሆነ፣ የቅጥር ወረቀቴም ጠረጴዛዎ ላይ እንዳለ አልዘነጋሁም። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እወደዋለሁም። ቢሆንም እንድፈርመው የላኩልኝን የስረዛ ዝርዝር ሳልፈርም ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ቅሬታዬ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ምብራት ግደይ
የኮምፒውተር ክፍል ተቆጣጣሪ

አባሪ፦ የሦስት ቀን ማስታወሻ 6 ገጽ፤ ያልተፈረመ ዝርዝር 1 ገጽ
ግልባጭ፦ ለወላጆች ኮሚቴ